ጨፋን ከደሴ ጀምረን እንጎብኝ
(በደሴ ከተማ ለሆጤ ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር)

 

የተጠራሁት ስለ ጨፋ ረግረግ ጉብኝት እንድናገር ነው። ምን እናያለን? መቼ ብንሄድ ይሻላል? ምን እንያዝ? ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ሁሉንም እመልሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም። አውቶቡስ ተሳፍሮ ኬሚሴ አጠገብ መውረድና ወፍ ቆጥሮ መመለስ ጨፋን ማየት አይደለም። ያንን ረግረግ ከሚያጠጡት ውኃዎች ዋነኛው በእኛ ደጅ የሚያልፈው ቦርከና ነው። ጨፋ ቢለመልምም ቢጠፋም እጃችን አለበት። ስለዚህ ጉብኝቱን ከዚሁ ከሆጤ እንድንጀምረው ልለምናችሁ መጥቻለሁ።

ደሴ የቆመችው በሁለት ተፋሰሶች ወሰን ላይ ነው። በምዕራብ በኩል የገራዶ ውኃ ወደ አባይ ይሄዳል። ቦርከና ደግሞ ከኩታበር በኩል ካለው ደጋ ተነስቶ ከተማችንን ያቋርጥና በዶሮ መዝለያ ገደል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከዚያ ሐርቡንና ኬሚሴን አልፎ ከጃራ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ እንደ አባይ ባሕር አይደርስም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጂቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ይህን ልብ በሉልኝ። ቦርከና ላይ የጣልነውን ነገር ተቀብሎ የሚያርቅልን ባሕር የለም። የሚበሰብሰው መንገድ ላይ ይበሰብሳል፤ የማይበሰብሰው ከእኛ በታች ባለ ሰው ማሳ፣ ከብት ማጠጫና ረግረግ ላይ ይቀራል።

እንግዲህ በአንድ ቀን አራት ቦታ እንድንቆም ነው ሐሳቤ። መንገዱ እስከ ኬሚሴ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ብንነሳ እየቆምን፣ እየጠየቅን፣ ምሳችንንም በልተን ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ጨፋ እንደርሳለን። ወፎች በቀትር ጥላ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና ለመብል ይወጣሉ። ሰዓቱ ይስማማናል።

የመጀመሪያው ማረፊያችን እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ቦርከና ላይ ካሉት ድልድዮች በአንዱ ላይ ነው። ብዙዎቻችን በየቀኑ እናልፍበታለን፤ ቆመን አናየውም። ክረምት ከወጣ በኋላ በወንዙ ዳር ያሉትን ዛፎች ተመልከቱ። ቅርንጫፉ ላይ ጥቁርና ሰማያዊ ፌስታል ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። ነፋስ ያመጣው እንዳይመስላችሁ፤ ጎርፉ እስከዚያ ቁመት ደርሶ ነበር ማለት ነው። ከፌስታሉ በላይ ያለው ቅርንጫፍ ንጹሕ ነው፤ ከሱ በታች ያለው ሁሉ ቆሻሻ ታቅፏል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየቦዩ የጠረግነው የት እንደሄደ የሚነግረን ይኸው ነው።

ከዚያ ወደ ውኃው ጠጋ እንበልና ድንጋይ እናገላብጥ። ይህ የልጅ ጨዋታ ቢመስልም የውኃ ተመራማሪዎች የሚሠሩበት ዘዴ ነው። ንጹሕና ፈጣን በሆነ ውኃ ውስጥ ከድንጋዩ ሥር ጭራቸው እንደ ክር የተዘረጋ ጠፍጣፋ እጮች ተጣብቀው ይገኛሉ። እነዚህ ብዙ አየር ካላገኙ ይሞታሉ። የፍሳሽ ውኃ ሲበዛ እነሱ ይጠፉና በቦታቸው ደም የመሰሉ ቀጫጭን ቀይ ትሎች ይተካሉ፤ እነዚህ አየር ባነሰበት ጭቃ ውስጥ መኖር ይችላሉ። ላቦራቶሪ የሌለው ተማሪ እንኳ አንድ ነጭ ሳህንና አንድ ወንፊት ይዞ የወንዙን ጤና በግማሽ ሰዓት ሊያውቅ ይችላል። ከኩታበር በኩል ካለው የላይኛው ውኃና ከከተማው በታች ካለው ሁለት ሳህን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ከእኔ ዲስኩር የበለጠ ይናገራል።

ሁለተኛው ዶሮ መዝለያ ነው። ወደ ኮምቦልቻ የምንመላለስ ሰዎች ከመኪናው መስኮት የምናውቀው ገደል ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። ወንዙ በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ድንጋይ ላይ ሲፈርጥ አየር ይቀላቀለዋል፤ ትንሽም ቢሆን ይጠራል። በዚያው ፍጥነት ግን ከየገደላገደሉ የተቦረቦረ አፈር ይጭናል። የክረምቱ ቦርከና ቡናማ ሆኖ የሚታየን አፈር ስለተሸከመ ነው። ቁልቁል ስንወርድ ደግሞ የየጎፍን ተራራ ደን ቀና ብላችሁ እዩት። ደን የለበሰው ዳገት የሚለቀው ውኃና የተራቆተው ዳገት የሚለቀው ውኃ በአንድ ዝናብ እንኳ አይመሳሰሉም። የመጀመሪያው ቀስ ብሎ፣ ጠርቶ ይመጣል፤ ሁለተኛው ባንድ ጊዜ ደራሽ ይሆንና ጥር ላይ ደረቅ ጠጠር ትቶልን ይሄዳል።

ሦስተኛው ኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ ብረታ ብረት፣ ሥጋ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቋል። ልጆቻችን እዚያ ይሠራሉ፤ እንጀራቸው ነው፤ ፋብሪካ ይዘጋ የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይደለም። ነገር ግን በከተማዋ የሚያልፉት የለዮሌና የወርቃ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ተቀብለው ቦርከና ላይ ይጥሉታል። ተመራማሪዎች ውኃውን ቀድተው መርምረው ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች እንዳገኙበት በሳይንስ መጽሔቶች ላይ አውጥተዋል። ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት የሚገባ ኬሚካል ነው። እንደ ምግብ ትራፊ አይበሰብስም፣ አይተንም። ከደለሉ ጋር ተጣብቆ ይወርዳል፤ ውኃው ሲረጋ እሱም ይረጋል። ውኃው የሚረጋው የት ነው? ጨፋ ላይ።

አራተኛው እንግዲህ ጨፋ ራሱ ነው። ከሐርቡ በታች ሸለቆው ይሰፋል። በግራም በቀኝም ተራራ፣ መሀሉ ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ። ይህ ሜዳ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ እየተሰነጠቀ ሲሄድ መሀሉ የወረደ መሬት ነው። ምድሩ ዛሬም ሥራውን አልጨረሰም፤ በ1953 ዓ.ም. ከራ ቆሬን ያንቀጠቀጠው፣ መጀጤን ያፈረሰው የመሬት መናወጥ የዚሁ ስንጥቅ ሥራ ነው። መሬቱ ስለወረደ ከተራራው የሚመጣው ሁሉ እዚያ ይቆማል፤ ስለሚቆምም ደለሉን ያራግፋል፣ ሣር ያበቅላል።

ምን ታያላችሁ? ከሩቅ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል። ቀረብ ስትሉ ፊላው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ቄጠማው በውኃው ዳር ጥቅጥቅ ብሏል። ሳቢሳዎች በየከብቱ እግር ሥር ተከትለው ይሄዳሉ፤ ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚዘለውን ፌንጣ ይለቅማሉ። ሽመላ አንድ እግሩን ሰብስቦ ለረጅም ጊዜ ይቆማል፤ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ሳይሆን እንቁራሪቷ ስትንቀሳቀስ ነው አንገቱን የሚወረውረው። ዳክዬዎቹ መሀል ላይ ናቸው፤ ለመጠጋት አትሞክሩ። የስምጥ ሸለቆው ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው ወደ አፍሪካ ከሚወርዱት ወፎች ታላላቅ መንገዶች አንዱ ነው። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብንሄድ የአገር ወፍና እንግዳ ወፍ አንድ ላይ እናገኛለን። ያን ጊዜ መንገዱም ደረቅ ነው።

ከወፉ የማያንስ ሌላ እንግዳ ደግሞ አለ። በጋው ሲጠና፣ ቆላው ሲደርቅ፣ የአፋር ወገኖቻችን ግመላቸውንና ከብታቸውን እየነዱ ወደ ጨፋ ይወጣሉ። የአካባቢው ኦሮሞ፣ አርጎባና አማራም ከብቱን የሚያሰማራው እዚያው ነው። ሣሩ ሲበቃ ጉርብትናው ይጠናል፤ ሣሩ ሲያንስ ግጭት ይመጣል። እንግዲህ ጨፋ ሲጠብ ከወፍ መኖሪያ ጋር የሰላም ቦታም አብሮ ይጠባል። ስትጎበኙ ካሜራችሁን ወደ እረኛው ከማዞራችሁ በፊት ሰላም በሉት፤ ቤተሰቡን ጠይቁ፤ ውኃው ዘንድሮ እስከ የት እንደወጣ ጠይቁት። ከማናችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

አሁን ረግረግ ምን እንደሚሠራ ላስረዳ። እናቶቻችን ከሪቦ የሚያጠሩበትን ጨርቅ አስቡት። ድፍርሱ ከላይ ይገባል፣ የጠራው ከታች ይወርዳል፤ አተላው ጨርቁ ላይ ይቀራል። ቄጠማና ፊላም እንዲሁ ያደርጋሉ። ውኃው በግንዶቻቸው መሀል ሲያልፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ አፈሩ ይቀመጣል፤ ሥራቸው ላይ ያሉት ተሕዋስያን የሰውና የከብት ቆሻሻ ይፈጫሉ፤ ተክሉ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱን ለራሱ ምግብ ያደርገዋል። የኡጋንዳን ዋና ከተማ ካምፓላን ውሰዱ። የከተማዋ ፍሳሽ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከመድረሱ በፊት ናኪቩቦ በሚባል ረግረግ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ረግረጉ በነጻ የሚሠራውን የማጥራት ሥራ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገምቶታል። ረግረጉ ቢጠፋ ከተማዋ ያንን ገንዘብ ለማጣሪያ ጣቢያ ልታወጣ ነው። ጨፋም ለእኛ ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ ይሠራልናል።

ጨርቁ ግን አቅም አለው። አተላው ከመጠን ሲያልፍ ማጥራቱ ይቀራል፤ ከባድ ብረት ደግሞ የሚፈጨው ተሕዋስ የለም። ጨርቁን ራሱን ቆራርጠን ከወሰድነውስ? በጨፋ የሚሆነው ይህም ነው። ሣሩ ይታረሳል፤ ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ይንጠፈጠፋል፤ በፓምፕ ይሳባል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የመላኩ ጌታቸውና የባልደረቦቹ ጥናት የጨፋን ወፎችና በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት መርምሮ፣ እርሻና ልቅ ግጦሽ በበዛበት የረግረጉ ክፍል ሕይወቱ መሳሳቱን አሳይቷል።

እዚህ ላይ አንድ አባት ተነስተው፣ «ልጄ፣ ወፍ አይበላም፤ ወጣቱ መሬት የለውም፤ ረግረግ ደግሞ የወባ መፈልፈያ ነው» ቢሉኝ እውነት አላቸው። ማሾና ጤፍ ዘርቶ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ተክሎ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረውን ገበሬ ከደሴ ሆኖ መውቀስ ቀላል ነው። እኔም አልወቅሰውም። ግን ሁለት ነገር ልመልስ። አንደኛ፣ ረግረጉ የሌለበት ሜዳ የበጋ ውኃ አይኖረውም፤ ፓምፑ የሚስበው ረግረጉ ያቆየውን ነው። ሁለተኛ፣ በቦርከና ውኃ የለማው አትክልት ገበያው የት ነው? ኮምቦልቻ ነው፣ ደሴ ነው። እዚህ ድልድይ ላይ የለቀቅነው ነገር በዘንቢል ተመልሶ ቤታችን ይገባል። የወባ ትንኙም ቢሆን የሚራባው በቆመ ኩሬ፣ በተረገጠ ኮቴ፣ በፈሰሰ ቦይ ውኃ ሁሉ ነው፤ ረግረግ በማድረቅ ብቻ አይጠፋም።

ሰውና ረግረግ ተስማምተው መኖር ይችላሉ ወይ ለሚለው፣ ከአገራችን አንድ ምሳሌ አለኝ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአዲስ ዓለም አቅራቢያ በርጋ የሚባል ውኃ የሚተኛበት ሜዳ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ እዚያ ክንፏ ላይ ነጭ ያላት፣ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ፣ በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ የሆነች የረግረግ ወፍ ስትራባ ተገኘች። የምትራባው በክረምት ነው፤ ሣሩ በሚያድግበትና ከብት ለመግባት በሚቸኩልበት በዚያው ወቅት። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከደቡብ አፍሪካ ወዳጆቹ ጋር ሆኖ ወደ ገበሬው ሄደ። ገበሬው ማኅበር አቋቋመ፤ ወፏ እስክትፈለፍል ከብት ቆይቶ እንዲገባ ተስማማ፤ በምላሹ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ተሠራለት። አጥር አልታጠረም፣ ማንም አልተፈናቀለም። ሣሩም በሰዓቱ ሲገባበት ለከብቱ የበለጠ ሆነ። ጨፋም አጥር የለውም፤ በር ላይ ትኬት የሚቆርጥ የለም። ዘላቂ ጥበቃው የሚመጣው በርጋ እንደሆነው ከተጠቃሚዎቹ ስምምነት ነው። ከተጠቃሚዎቹ መካከል እኛም አለንበት፤ ፍሳሻችንን የሚያጠራልን እሱ ነውና።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ብዙዎቻችን የማናውቀውን ቁም ነገር ይዟል። ማንኛውም ሰው በግሉ ተጎዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳይኖርበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ወይም ድርጅት ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ያቀርባል። እንግዲህ ማስረጃ ይዛ የምትጽፍ አንዲት መምህርት፣ ጨፋ ላይ አንዲት ላም የሌላት ብትሆንም፣ ሕግ ፊት ባዕድ አይደለችም። ለፋብሪካዎችም ቢሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 159/2001 ነባሮቹ ፍሳሻቸውን እንዲያስተካክሉ የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጥቷቸው ነበር፤ ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ሕግ አልጠፋም፤ የሚያስታውስ ጠፍቶ ነው።

ስለ ጉዞው የቀረውን ልንገራችሁ። ጫማችሁ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍንና ጭቃ የሚችል ይሁን። ቀይና ነጭ ልብስ ወፍን ያስደነግጣል፤ ቡናማና አረንጓዴ ይሻላል። የሩቅ ማያ መነጽር ላለው መነጽር፤ ለሌለው ትዕግሥት ይበቃል። ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከያዛችሁ ባዶውን ይዛችሁ ተመለሱ። ፊላው ውስጥ አትግቡ፤ ጎጆ ሊኖርበት ይችላል፤ ጥልቀቱም አይታወቅም። ሁልጊዜ የአካባቢው ሰው ይምራችሁ፤ ለመራችሁም የድካሙን ክፈሉ። ልጆች ሁለት ሳህን፣ አንድ ወንፊት፣ አንድ ደብተር ይዘው ይምጡ። በአራቱም ማረፊያ የውኃውን ቀለም፣ ሽታና ከድንጋይ ሥር ያገኙትን ይመዝግቡ።

ከጉብኝቱ ሲመለሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ፎቶ ያሳያሉ። እኛ ደብተሩን እናሳይ። ለዚህ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሆጤ ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ክበባት በየዓመቱ መስከረምና ጥር ላይ፣ በዚያው ድልድይ፣ በዚያው ሳህን ቦርከናን ይመርምሩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ማንም ሊክደው የማይችል መዝገብ ይኖረናል። ሁለተኛ፣ መጸዳጃ ቤቱን ወይም የመኪና እጥበቱን ፍሳሽ ወደ ቦይ የሚለቅ ጎረቤት ካለ፣ መጀመሪያ በዕድርና በሽማግሌ ይነገረው። እንደ ወሎ ሰው በቡና ላይ ይነገረው፤ እምቢ ካለ ከላይ የጠቀስኩት ሕግ አለ። ሦስተኛ፣ የዘንድሮው ጉብኝት ለአንድ ቀን ብቻ አይሁን። ከኬሚሴና ከደዋ ጨፋ ወረዳ ሽማግሌዎች መካከል ፈቃደኞቹን ወደ ሆጤ እንጋብዝ። እኛ የነሱን ሜዳ እንዳየን እነሱም የእኛን ድልድይ ይዩ። ከላይና ከታች ያለ ሰው አንድ አዳራሽ ከተቀመጠ ወንዙ ላይ መወያየት ይጀምራል።

የመጀመሪያውን ሐሳብ ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ወንፊት፣ ሁለት ነጭ ሳህንና ፈቃደኛ መምህር ነው። ወንፊቱንና ሳህኑን እኔ እችላለሁ። መምህሩን ከዚህ ጉባኤ እንድትሰጡኝ ነው የምጠይቀው፤ ፈቃደኛ የሆነ እጁን ያውጣ።